የጋሽ አስራት ቅጠል

ጋሽ አስራት ማረፋቸውን የሰማሁት ሺሺንዳ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሙዝ እየላጥኩ ነው። ለሥራ ዋጫ ከተማ ሰንብቼ ወደ ቦንጋ እየተመለስኩ ነበር። የደወለልኝ የእድራችን ጸሐፊ ነው። «ታደሰ፣ ጋሽ አስራት አረፉ። ቶሎ ድረስ፣ ገናዡ አንተ ነህ» አለኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ሙዙን ጨረስኩ። ልጣጩን የት እንደምጥል ስፈልግ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ደግ ወሬ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ደግ ነው» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ የማላለቅስ ሰው ነኝ። ምክንያቱ የራሴ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። ብቻ ከብዙ ዓመት ወዲህ ሐዘን ሲመጣ እጄና እግሬ ይደነዝዛል፣ ሥራ እሠራለሁ፣ በማግሥቱም እሠራለሁ። ለዚህ ነው እድሩ ገናዥ ያደረገኝ። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይፈለጋላ።

ጋሽ አስራት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የደን ባለሙያ ነበሩ፤ እኔ መዝገብ ቤት። ትውልዳቸው ከቢታ ገነት ወዲያ ካለ መንደር ነው። ቤታቸው ከፊኛ፣ ቢሮ አማርኛ ይናገራሉ፤ አማርኛውን እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነበር የሚይዙት። ዛፍ ሲለኩ ሜትራቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። «ሳያስፈቅዱ ወገብ አይለካም» ይላሉ። ሌላው አባባላቸው «የሚቆረጠው ሪፖርት ላይ ያልገባው ዛፍ ነው» የሚል ነው። ስለዚህ አንድም ዛፍ ሳይቀር ሪፖርት ላይ ያስገባሉ። በሳቸው ሪፖርት የተነሳ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሁለት መደርደሪያ አስጨምሬአለሁ። አማርሬአቸውም አውቃለሁ። «አይዞህ፣ ዛፎቹ ካንተ በላይ ይኖራሉ» ነበር መልሳቸው።

ሚስታቸው ወልደው ብዙ ሳይቆዩ ስለሞቱ ልጃቸውን ማርታን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ጸጉሯን ራሳቸው ይሠሩላት ነበር። ሹሩባው ይጣመማል እንጂ አንድም ቀን ሳትሠራ ትምህርት ቤት አልሄደችም። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ ዓይኗ ደከመና መነጽር ልታሠራ ከአክስቷ ጋር ወደ ጅማ ስትሄድ መኪናው ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። አክስቷ ተረፈች።

ለቅሶው ላይ ጋሽ አስራት አላለቀሱም። ክራቫታቸውን አስረው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው የመጣውን ሁሉ «መንገድ እንዴት ነበር? ዝናብ አልያዛችሁም?» እያሉ ይቀበሉ ነበር። ሴቶቹ የማርታን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ፣ ስብሰባ ላይ የሰው ሐሳብ እንደሚያዳምጥ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው አማቸው። «እንጀራ አባት እንኳ እንዲህ አይሆንም» ያለም አልጠፋ። እኔ አላማኋቸውም። የደነዘዘ ሰው እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ።

ማርታ ከተማው ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ተቀበረች። ጋሽ አስራት ከመቃብሯ ጎን አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ በድንጋይ ከለሉ። ምንም አልተከሉበትም። ችግኝ ሲያፈላ ለኖረ ሰው ያ ባዶ መሬት ብዙ ይናገር ነበር።

ዓመት ሳይሞላ የሥልጠና ዕድል መጣ። ህንድ አገር፣ አሥር ወር። ተወዳድረው ነው ያለፉት ተባለ፤ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ከፊታችን ዞር እንዲሉልን ፈልገን ነበር። ያላለቀሰ ሐዘንተኛ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሲጽፍ ማየት ያስጨንቃል።

ተመልሰው በመጡ በመጀመሪያው ሰኞ ሻይ ሲያነሱ የሸሚዛቸው እጅጌ ከፍ አለ። ግራ ክንዳቸው ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ንቅሳት አየን። ቅጠል ነው፤ ልብ የመሰለ፣ ጫፉ እንደ አይጥ ጅራት ቀጥኖ የወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኳቸው።

«ቅጠል ነው።»

«የምን ቅጠል?»

«የሾላ ዘመድ ነው።»

በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ጋሽ አስራት ግን ሲጠየቁ መዋሸት አይችሉም። የንስሐ አባታቸው ሲጠይቋቸው፣ ቡድሃ የሚባለው መምህር ተቀምጦበት ነበር የሚሉት ዛፍ እንደሆነ፣ እሳቸውም በእግራቸው ሄደው ከሥሩ እንደተቀመጡ ነገሯቸው። እስከ ማታ ድረስ ቦንጋ በሙሉ «ጋሽ አስራት ዛፍ ማምለክ ጀመረ» አለች።

በኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፋ ጫካ ውስጥ ሽማግሌዎች ከጥንት የሚያከብሯቸው፣ መጥረቢያ የማይነካቸው ዛፎች አሉ። ቀሳውስቱ ሰውን ከነዚያ ዛፎች ሥር ለማስነሳት ስንት ዘመን ደክመዋል። አሁን ደግሞ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ዛፉን ክንዱ ላይ ይዞ መጣ። የቢሯችን ሾፌር «ዛፍ ለማምለክ ህንድ ድረስ ምን አስኬዳቸው? እዚህ ሞልቶ የለም እንዴ!» እያለ ሳቀባቸው። ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱት ጎረቤታችን ሐጂ ብቻ «በኛም ንቅሳት ሐራም ነው። ሰውየው ግን ሐራም አልሆነም፤ ሰላም በሉት» አሉ።

በዚያው ዓመት ግምገማ ላይ አንዱ ባልደረባችን እጁን አወጣና «ጋሽ አስራት በሥራ አይታሙም፤ ነገር ግን ከህንድ ይዘውት የመጡት ምልክት የአመለካከት ችግር እንዳለባቸው ያሳያል» አለ። ሰብሳቢው ግራ ገባው። «እስቲ ይታይ» አለ። ጋሽ አስራት ተነስተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ አድርገው፣ ለቤቱ ሁሉ አሳዩ። «ሌላ ጥያቄ አለ?» አሉ። አልነበረም። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። የምጽፈው ሲጠፋኝ «ቅጠሉ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡ ዛሬም አለ።

ነገሩን የነገሩኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ችግኝ ጣቢያ ልናይ ወደ ቢታ ገነት ስንሄድ መኪናው ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ የሚገፋ ሰው ሊፈልግ ሄደ፣ ሁለታችን መኪናው ውስጥ ቀረን። ዝናቡ አላባራ አለ። ከምንሰለች ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንድ ወር ዕረፍት ሰጡን» አሉ። «ጓደኞቼ ከተማ ሊያዩ ሄዱ። እኔን ከተማ ምን ያደርግልኛል? የሚሳለሙ ሰዎች በእግር ሲያልፉ አየሁ፤ ተከተልኳቸው። ቋንቋ የለንም። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ፤ ውሃ ሲጠጡ ለኔም ይሰጣሉ፣ ስቆም ይቆማሉ። አሥራ አንድ ቀን ሄድን። ለምን መጣህ ያለኝ ሰው የለም።»

«ከዚያስ?»

«ዛፉ ጋ ደረስን። አጥር አለው፣ ጠባቂ አለው። መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? ዙሪያውን በዓይኔ ለካሁት።» ፈገግ አሉ። «ቅጠል መቁረጥ ክልክል ነው። የወደቀ ነው የሚወሰደው። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ እስኪወድቅ ይጠብቃል። እኔም ተቀመጥኩ። ጎኔ አንዲት ሴት ነበረች፤ አገሯን አላውቅም። የልጅ ፎቶግራፍ ይዛ ታለቅሳለች። ታለቅሳለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች። ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ መሀረቧን አውጥታ ሰጠችኝ።»

 የመኪናውን መስተዋት በእጃቸው ጠረጉ።

«ገና አላለቀስኩም ነበር» አሉ። «መሀረቡን ስትሰጠኝ ገና አላለቀስኩም ነበር፣ ታደሰ።»

ያን ቀን እስኪመሽ እንዳለቀሱ፣ መነኩሴው ራቅ ብለው ተቀምጠው እንደጠበቋቸው ነገሩኝ። አመሻሹ ላይ እፊታቸው ቅጠል ወደቀ። አንስተው ለሴቲቱ ሰጧት። ለራሳቸው ደግሞ በማግሥቱ ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚነቅስ ሰው አገኙና ክንዳቸውን ዘረጉለት።

«ታዲያ ሃይማኖትዎን ለወጡ?» አልኳቸው።

«እሁድ እሁድ የት ነው የምታየኝ? ማስቀደስ ትቼ አውቃለሁ? ማልቀሻ ቦታ ነው ያገኘሁት። እንዳይጠፋብኝ ጻፍኩት፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ ሳስተውላቸው፣ ስብሰባ ሲከርባቸው ወይም የማርታን እኩዮች መንገድ ላይ ሲያዩ የቀኝ አውራ ጣታቸውን በግራው እጅጌ ሥር ሰደድ አድርገው ቅጠሉን ይዳብሱታል። ቀናሁባቸው ማለት ነውር ነው፤ ግን ቀንቼባቸዋለሁ። እኔ የምዳብሰው ቦታ አልነበረኝም።

የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ጉዳዩን አልተዉትም። ምልክቱ ካልጠፋ ወይም መስቀል ካልሸፈነው ጋሽ አስራት ሲሞቱ ግቢው ውስጥ መሬት አይቆፈርላቸውም ብለው ወሰኑ። ውሳኔውን የነገሯቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲናገሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር አሉ። ጋሽ አስራት «ሰማሁ፣ አባ» ብለው ተመለሱ። ከዚያም ዓመታት አለፉ። እሁድ ያስቀድሳሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ማርታ መቃብር ጋ ትንሽ ይቆማሉ፣ በድንጋይ የከለሉት ባዶ ቦታ ላይ የበቀለውን አረም ነቅለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ቅጠሉንም አላስነኩም፣ ቦታውንም አልተዉም።

በኋላ ኩላሊታቸው ታመመ። ጅማ ተመላልሰው ተመላልሰው አንድ ቀን ሐኪሞቹ ወደ ቤትዎ ይሂዱ አሏቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ጫማቸውን አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እትዬ ብርቄ ጋ ውሰደኝ» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉ?»

«መስቀል ትነቅሰኝ። በቅጠሉ ላይ።»

እጅጌያቸውን አየሁ።

«ቅጠሉ ለኔ ነው» አሉ። «ቦታው ግን የማርታ ነው። ዘጠኝ ዓመት ብቻዋን ተኝታለች። ይበቃል።»

እትዬ ብርቄ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ያላት አሮጊት ናት። ቤተሰቦቿ ከጎጃም የመጡ ናቸው። አንቱ ያላት ሰው መከራውን ያያል፤ «አታስረጁኝ!» ትላለች። ቦንጋ ውስጥ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት አንገት ላይ የሚታየው ንቅሳት አብዛኛው የሷ እጅ ነው። ልጃገረዶቹ ንቅሳት ማፈር ሲጀምሩ ተወችውና ገበያ ኮረሪማ መሸጥ ያዘች። ጋሽ አስራትን ደግፌ ስገባ ግቢዋ ውስጥ ኮረሪማ አስጥታ ትጠብቃለች።

የመጣንበትን ነገርኳት። ሰማችኝና ወደሳቸው ዞረች።

«አስራት፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው የሚያወራው ቅጠል ምንድነው? ካንተ አፍ አልሰማሁትም።»

ጋሽ አስራት ነገሯት። ለኔ ከነገሩኝ ያነሰ ነው፤ ዛፉን፣ ሴቲቱን፣ መሀረቡን። እትዬ ብርቄ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ኮረሪማዋን በእጇ እያገላበጠች «ማርታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዚህ ኮረሪማ ትሰርቀኝ ነበር» አለች። «አይቼ እንዳላየሁ ነበር የማልፋት።» ከዚያ ገብታ መርፌዋን፣ የኩራዝ ጥላሸቷንና የምትበጠብጥበትን የቅጠል ጭማቂ ይዛ ወጣች።

«ታደሰ፣ ክንዱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። እንዳይወዛወዝ።»

ያዝኩ። የጋሽ አስራት ክንድ ቀጥኖ ነበር። እትዬ ብርቄ በጥላሸቱ መስቀሉን ነድፋ መርፌዋን ጀመረች። ጥቂት እንደወጋች ጋሽ አስራት ቀና ብለው አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና እስክትጨርስ ቀና አላሉም። ደም ብዙ አልወጣም፤ ጥሩ እጅ ስላላት ነው ብዬ አሰብኩ። ቅጠሉ በጥቁሩ መስቀል ሥር ጠፋ። ባልንጀራዬ በዓለም ላይ ያለቻቸውን አንዲት ማልቀሻ ሲያስደፍኑ ክንዳቸውን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። ምንም አልተሰማኝም። እንዲያውም እግሬን ጉንዳን ይበላኝ ስለነበር እሱን ነበር የማስበው።

በሦስተኛው ቀን ለንስሐ አባታቸው አሳዩ። ቆዳው አብጦ ቅርፊት ይዞ ነበር፤ መስቀሉ ጥቁር ሆኖ ጎልቶ ይታያል። ቄሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይፍታህ፣ ልጄ። ቦታህ ቦታህ ነው» አሏቸው። እኔ ጎናቸው ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖሩ። በየሳምንቱ እሄድ ነበር። ሙቀትም ቢሆን እጅጌያቸውን እስከ አንጓቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ። ስለ ቅጠሉ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። ስለ ችግኝ ጣቢያው ይጠይቁኛል፣ እመልስላቸዋለሁ።

ከሺሺንዳ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቦንጋ ሲደርስ ቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አቡጀዲውን ሐጂ ልከውት ደርሷል። ከኔ ጋር የሚገንዘው ጓደኛዬ እግራቸውን ያጥባል፤ እኔ እጃቸውን ያዝኩ። የግራውን እጅጌ ፈትቼ ሰበሰብኩት።

መስቀሉ የለም።

በሳሙና አሸሁት፤ አሻራውም አልቀረም። ቅጠሉ ብቻ አለ። ጫፉ ወደ መዳፋቸው ወርዶ፣ ያኔ ሻይ ሲያነሱ እንዳየሁት ሆኖ። ጓደኛዬ ጀርባውን ሰጥቶኛል። በር ላይ የቄሱን ድምፅ ሰማሁ። ክንዳቸውን ከሌላው ገላቸው አስቀድሜ በአቡጀዲ ጠቀለልኩት፤ ሁለት ጊዜ፣ ጠበቅ አድርጌ።

ቄሱ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። «መስቀሉ አለ፣ ልጄ? የጉባኤው ሰዎች ጠይቅ ብለውኝ ነው።»

«አለ፣ አባ» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ቄስ ፊት፣ በሬሳ ላይ ዋሸሁ፤ ልቤም አልመታም። ድንዛዜዬ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቀመ። ማርታ ጎን፣ በድንጋይ የተከለለው ቦታ ላይ ቀበርናቸው። አፈሩ ሲገባ ሰው አለቀሰ። እኔ አካፋ ይዤ ነበር።

በሠልስቱ ማግሥት እትዬ ብርቄ ጋ ሄድኩ። ኮረሪማ እየፈለፈለች ነው። ከፊቷ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«መስቀሉ ጠፍቷል» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያልጠለቀ ንቅሳት ከቅርፊቱ ጋር ይረግፋላ። ሁለት ሳምንት አይቆይም።»

«እጅሽ ደክሞ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «የኔ እጅ? ሂድና በዚህ ከተማ ከአንዲት ሴት አንገት ላይ የጠፋ የብርቄ ንቅሳት አምጣልኝ!»

 ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅሁ። «እሳቸውስ? ሳያውቁ ነው የሞቱት? ተሸፍኗል ብለው?»

«አንተ ደግሞ! አንዴ የተነቀሰ ሰው መርፌ ሲገባና ሳይገባ ጠፍቶት? ገና ስጀምር አይደል ቀና ብሎ ያየኝ? አየሁት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። አለቀ።»

«እኔ እኮ ክንዳቸውን ይዤ ነበር።»

«ይዘህ ነበር» አለች። «አጥብቀህ ነው የያዝከው።»

አምስት ወር ሙሉ እጅጌያቸውን ቆልፈው ሲቀመጡ፣ እኔ ባዶ ክንድ ይዘው የቀሩ መስሎኝ ነበር። ለካ ከእጅጌው ሥር ቅጠላቸውን ይዘው ነበር። ሁለቱ ያውቃሉ፤ እሳቸውና እሷ። እጄን ክንዳቸው ላይ አድርጌ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እትዬ ብርቄ ኮረሪማውን አስቀመጠች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ከጉያዋ ታጥፎ ታጥፎ ያነሰ መሀረብ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

ገና አላለቀስኩም ነበር።